ከፋይ የታሰረበት ገመድ

ጥር 9

ለተወደዱ አክስቴ፣

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ጤናዎን ሙሉ፣ ቤትዎን ሰላም ታግኘው። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? በስልክ እርስዎ «እ?» ሲሉኝ እኔ ስጮህ፣ ጎረቤቶቼ የተጣላን እየመሰላቸው ተቸግረናልና እንደ ልማዳችን በጽሑፍ መጣሁ። እኛ ደህና ነን። ልጄ ሃያ ዓመት ሞልቶት በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ሰው ሆኗል። ለባቡር ነጂነት ሊፈተን ነውና ከመጽሐፍ ላይ ቀና አይልም።

የጻፍኩልዎት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ከአሮጌው ቴአትር ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል አሉ። ሁሉንም እንደ ተዘጋበት ቀን አድርገው ነው ያቆዩት፤ ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ እርስዎ ይሰፉበት የነበረውን የአልባሳት ክፍል፣ አባቴ ይሠራበት የነበረውን የገመድ ጥግ ሳይቀር። አደጋው በደረሰበት ቦታ ላይ ሰኔ ማብቂያ የጽሑፍ ሰሌዳ ሊሰቅሉ ነው። ኃላፊው አድራሻዬን ከድሮዋ ቲኬት ሻጭ አግኝቶ «ከቤተሰብ አንድ ሰው መጥቶ ቢያይልን» ይላል። ረቂቁንም ልኮልኛል። እንዲህ የሚል አለበት፤ «የገመድ ሠራተኛው በመጠጥ ኃይል የተሳሳተ ገመድ በመፍታቱ የመብራት ተሸካሚው ብረት ወድቆ ንጉሡን ይጫወት የነበረውን ተዋናይ ገደለው።»

እትዬ፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ስሜ «የሰካራሙ ልጅ» ነበር፤ ሌላ ስም አላስታውስም። ለልጄ አያትህ አናጢ ነበር ብዬ ነው ያሳደግኩት። ከሄድኩ ያነባል። ካልሄድኩ ደግሞ ሰሌዳው በዝምታዬ ይሰቀላል፤ እንደ ፈረምኩበት ነው። ደብዳቤውን ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያዎቹ ሥር ደብቄዋለሁ። ማንኪያ ባወጣሁ ቁጥር ጥጉ ብቅ ይልብኛል።

እርስዎ ከቤቱ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቁት። እባክዎን ቀድመው ይግቡና አይተው ይጻፉልኝ። ልምጣ ወይስ ልተወው? ያሉኝን አደርጋለሁ።

ልጅዎ


የካቲት 11

ለድንቢጤ፣

አንቺንም ልጅሽንም ክፉ አይንካችሁ፤ የምትረግጡት ይለስልስላችሁ። እኔ አለሁ። ከጉልበቴ ጋር አንድ ቀን እሱ ያሸንፈኛል፣ አንድ ቀን እኔ አሸንፈዋለሁ። ጆሮዬን የስፌት መኪና በልቶታል፤ እሱን ተይው።

ስለዚያ ቤት። አትምጪ።

ሙዚየም ማለት አቧራ በቲኬት ማለት ነው። ጣሪያውን ምስጥ በልቶታል ይባላል፤ ባለፈው አንድ ልስን ወርዶ ደብዳቤ የሚያድለውን ሰውዬ ትከሻውን መትቶታል። ሰላሳ አራት ዓመት ዘግተውት ዛሬ ያስታወሱን ምን ቢያገኙ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰሌዳ ከፈለጉ ይስቀሉ፤ ሰሌዳ ሰው አይነክስም። የሚያነበው አላፊ አግዳሚ ነው፤ አንብቦ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል።

ቀድመሽ ግቢ ያልሽኝንም አልችልም። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፌ አላውቅም። ዳቦ ለመግዛት እንኳ በገበያው ዞሬ ነው የምሄደው፤ ዳቦ ሻጩ ቤቴ ከገበያው ወዲያ ይመስለዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብለሽ ሳቂብኝ። ወንድሜ ሞቷል፣ ተዋናዩ ሞቷል፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው። አንቺ ልጅሽን አስፈትኚ።

ገመዶቹ አሉ ነው ያልሽኝ? ከነምልክታቸው?

አክስትሽ


መጋቢት 3

ለተወደዱ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ዛሬ ስለ ጤናዎ ብዙ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ይቅር ይበሉኝ።

ልጄ ወደቀ። በጽሑፉ አይደለም፤ በጽሑፉስ አንደኛ ነው። የወደቀው በዓይን ምርመራ ነው። በቀለም ነጠብጣቦች መካከል የተጻፈ ቁጥር አንብብ ሲሉት እሱ ያየው ነጠብጣብ ብቻ። ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እኔ እናቱ አላወቅኩም። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «በእናት በኩል ነው የሚመጣው። የእርስዎ አባት ይህ ነገር ነበረባቸው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ከወጣሁ በኋላ ግን ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አባቴ ቲማቲም ሲገዛ እኔን ነበር የሚያስመርጠኝ። «አንቺ ዓይንሽ ወጣት ነው» ይለኝ ነበር። ብቻውን የሚመርጥ ከሆነ በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ ነው። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

የጠየቁኝን ምልክት በተመለከተ፣ አዎ፣ ሁሉም አሉ። ኃላፊው የላከልኝን ፎቶግራፍ አብሬ ልኬዋለሁ። በግድግዳው ላይ የእንጨት ኩላቦች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ላይ ገመድ ታስሯል፤ በያንዳንዱ ገመድ ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ ተሰፍቷል። እንግዲህ ያስፈራኝ ይኸው ነው። ምልክቱ ቀለም ከሆነ፣ አባቴ ቀለም የማይለይ ከሆነ፣ ለምን እዚያ ሥራ ገባ? ሰክሮ ከሆነ አንድ ቀን ነው የተሳሳተው። ዓይኑን ደብቆ ከሆነ ግን ያንን ሰውዬ ገና ሥራ የገባ ዕለት ነው የገደለው። ከሁለቱ የትኛውን አባት ልጎበኝ ነው የምሄደው?

አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? አንድ ቃል ይበቃኛል።

ልጅዎ


ሚያዝያ 21

ለድንቢጤ፣

እንደምን ከረማችሁ። መዘግየቴን አውቃለሁ። ፖስታ ቤቱ ቀለም ሲቀባ ሰንብቷል፤ እኔም ጉንፋን ያዘኝ፤ ደግሞ መነጽሬ ተሰበረ። የልጅሽ ነገር አሳዝኖኛል። ባቡር ባይነዳ ምን ይሆናል፣ የሚሳፈርበት አያጣም። በቁመቱ ጣሪያ ይቀባ፤ አይ፣ ቀለም ነው ለካ። ተይኝ፣ መቀለዴ አይደለም።

ስለ ወንድሜ ዓይን የጠየቅሽኝ ብዙ ዘመን የሆነው ነገር ነው። ሰው ሲያረጅ ከትናንቱ ይልቅ ያለፈውን ያስታውሳል ይላሉ፤ እኔን ሁለቱም ከድተውኛል።

ፎቶግራፉን ግን አይቻለሁ። በአጉሊ መነጽር ሁሉ አይቼዋለሁ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ባለፈው ማክሰኞ እግሬ ሳላዘው ወደዚያ ወሰደኝ። መግቢያውን ታጥቦ ሳየው ደነገጥኩ፤ የበሩ እጀታ እንኳ ያው ነው፣ ግራው ከቀኙ ዝቅ ያለ። ቲኬት መስኮቱ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ተራ ያዝኩ። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ኋላ አንድ ሆነ። ልጅቷ «እማማ፣ ለእርስዎ ነፃ ነው፤ ይግቡ» አለችኝ። ቲኬት አትቆርጪልኝም ወይ አልኳት። «ነፃ ነው እኮ» አለች። አየሽ፣ ገንዘብ ብትጠይቀኝ ቦርሳዬን ረሳሁ ብዬ እመለስ ነበር። ሰበብ አጣሁና ዞሬ ሄድኩ። ጉልበቴ እንደዚያ ቀን ሮጦ አያውቅም። ቤቴ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፤ ማን እንደሚያባርረኝ ግን አላውቅም።

ለሙዚየሙ ሰውዬ ስለ ዓይን ምንም አትጻፊለት። ይህንን አደራ። አደራ ብያለሁ።

አክስትሽ


ግንቦት 4

ለአክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ።

አንድ ቃል ጠይቄዎት ስለ ፖስታ ቤት ቀለም ጻፉልኝ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። ሲሸሹኝ አውቃለሁ። ለምን እንደሚሸሹኝ ነው ያላወቅኩት።

አባቴን ለማዳን ከሆነ የሚደብቁት አልተጠቀመም። እኔ በቁሙ ቀብሬዋለሁ። ከእስር ሲወጣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ እስክሄድ ድረስ ስምንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን የሰላምታ ያህል እንኳ አላነጋገርኩትም። እዚህ ከመጣሁም በኋላ በየደብዳቤዎ ግርጌ «አባትሽ ሰላም ይልሻል» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ «እኔም ሰላም ብዬዋለሁ በሉልኝ» አላልኩም። ቀብሩም ላይ አልተገኘሁም። ስለዚህ ያረጀ ሐዘን ትቀሰቅሳለች ብለው አይፍሩ፤ ነቅቶ የሚኖር ነው።

ሰኔ 20 ቀን ከልጄ ጋር እመጣለሁ። የጉዞ ቲኬት ገዝቻለሁ። ለልጄም ሁሉን ነግሬዋለሁ፤ «አያቴም እንደኔ ነበር ማለት ነው?» ብቻ አለኝ። ለኃላፊው ደግሞ የምጽፈው እንዲህ ነው፤ ሰክሮ አልነበረም፣ ቀለም እንደማይለይ ደብቆ ነው የሠራው። እውነት ከሆነ ይጻፍ። ከእርስዎ እስከ ግንቦት ማብቂያ ካልሰማሁ እልከዋለሁ።

እፈራለሁ፣ እትዬ። ግን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ፈርተዋል። ምንድን ነው?

ልጅዎ


ግንቦት 17

ድንቢጤ፣

ምርቃቱን መጨረሻው ላይ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ካስፈለገሽ።

ገባሁ። ትናንት ጠዋት በአራት ሰዓት። ቲኬት ቆራጯ እንደ በፊቱ «ነፃ ነው» አለችኝ፤ ትናንት ግን አልሸሸሁም።

ከምነግርሽ በፊት ያንን ደብዳቤ እንዳትልኪ። አባትሽ ማንንም አላታለለም። ቀይና አረንጓዴ አለመለየቱን ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቴአትር ቤት ያስገባሁትም እኔ ነኝ። የገመዶቹ ምልክት ያኔ ቀለም ቅብ ነበር። «ቅብ ይለቃል፣ ጨርቅ ይሻላል» ብዬ አሳመንኳቸውና ሁሉንም በጨርቅ ሰፋሁት። ሰው ቀለሙን ያያል፤ አባትሽ ጨርቁን ይዳስሳል። ከመድረኩ ሥዕሎች የሰማዩ ገመድ ሐር፣ የቤተ መንግሥቱ ሱፍ፣ የገበያው ጆንያ፣ የጫካው አረንጓዴ ጥጥ። ከባዱ የመብራት ብረት ቀይ ከፋይ ነበር፤ ከፋይ ሲነካ «ብቻህን አትፍታ፣ ሰው ጥራ» ማለት ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን አልተሳሳተም። በጨለማ ሌሎቹ ባትሪ እስኪያበሩ እሱ ጨርሶ ይቆማል። ጓደኞቹ ሸረሪት ብለው ቅጽል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። እኔና እሱ ዓይን ለዓይን ተያይተን እንስቅ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠቅላላ ልምምድ ነበር። ጠዋት የንጉሡን ካባ ስተኩስ ኮሌታውን አቃጠልኩት። የአልባሳት ኃላፊዋ ብታየው ያን ዕለት ታባርረኛለች። መጋዘን ውስጥ አንድ መዳፍ የሚያህል ቀይ ከፋይ ፈልጌ አጣሁ። የነበረው ገመዱ ላይ ነው። መቀሴን ይዤ ሄድኩና ቆረጥኩት። በቦታው ቀይ ጥጥ ሰፋሁበት። ቀለሙ ያው ነው አልኩ። ድንቢጤ፣ ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ ቀለሙ ያው ነው ያልኩት።

ልነግረው ነበር። ምሳ ወጥቶ ነበር፤ ጓደኛው ልጅ ተወልዶለት አንድ ብርጭቆ ጋብዞታል። መጠጥ የተባለው ይኸው ነው። ሲመለስ እኔ የንግሥቲቱን ቁልፍ እየሰፋሁ ነበር፤ ክሩን ቆርጬ እሄዳለሁ ስል የአዳራሹ መብራት ጠፋ። ለአዲሱ ቴአትር ገመዶቹ ቦታ ተቀያይረው የጫካውና የመብራቱ ጎን ለጎን ነበሩ። ጫካውን ሊያወርድ እጁን ሰደደ፤ ጥጥ አገኘ፤ ፈታው። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ የምሰማው በደነቆረው ጆሮዬ ነው።

ዳኛው «ጠጥተህ ነበር?» ሲለው «አዎ» አለ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ዓይኑን ቢናገር ጨርቁ ይመጣል፤ ጨርቁ ከመጣ እኔ እመጣለሁ። ሦስት ዓመት ሲፈረድበት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አፌ አልተከፈተም። ፈራሁ። ሰላሳ አራት ዓመት ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም፤ ፈራሁ።

የተፈታ ቀን በር ላይ ጠበቅኩት። ሻንጣውን ልቀበለው ስል እሱ አልሰጠኝም። ትንሽ እንደሄድን «ኮሌታው አማረ?» አለኝ። «አማረ» አልኩት። «ጥሩ» አለ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት አላነሳውም። በየደብዳቤው ግርጌ ሰላም ሲልሽ፣ የጻፍኩልሽ ከፋዩን በቆረጥኩበት በዚሁ እጄ ነበር።

አሁን ትናንትን ስሚኝ። አስጎብኚዋ ዘጠኝ ሰዎች ይዛ ወደ ገመዱ ጥግ መጣች። «ገመድ ሠራተኛው ሰክሮ» ብላ ጀመረች። የብረቱን አጥር ያዝኩ። «አልሰከረም» አልኩ። ሁሉም ዞሩ። «እርስዎ ማን ነዎት?» አለችኝ፤ በክፋት አይደለም። «ጨርቆቹን የሰፋሁት ነኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የጀመርኩትን ማቆም አቃተኝ። አንድ ሰውዬ ወንበር አመጣልኝ። ኃላፊው ከቢሮው ወርዶ ሰማኝ፤ ቃሌን አጻፈኝ፣ ፈረምኩ። እንድነካም ፈቀደልኝ። ቀዩ ጥጥ እንደ ሰፋሁት አለ፤ ስቸኩል የዘለልኳት አንዲት ስፌት እንኳ ሳትቀር። የንጉሡ ካባ ደግሞ መስታወት ውስጥ ቆሟል። ኮሌታው ላይ ያለው ቁራጭ ጨርሶ አይታወቅም። በዕድሜዬ ከሰፋሁት ሁሉ እሱ ነው ያማረው።

ኃላፊው «የሴት ልጁ ቃል ካልተጨመረበት ሰሌዳውን አንሰቅልም» ብሏል። እንግዲህ የሚጻፈው በአንቺ እጅ ነው። ስሜን ጻፊው። ሰኔ 20 የቴአትር ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። አናግሪኝ አልልሽም፤ ባታናግሪኝም እቆማለሁ። ከዚህ በኋላ እትዬ ትይኛለሽ ወይ እያልኩ ነው የምፈራው። በዚህ ዕድሜዬ የቀረኝ ፍርሃት ይኸው አንዱ ነው።

ምርቃቴ ይኸው፤ ልጅሽ የነካው ሁሉ አያታልለው።

አክስትሽ


ሰኔ 2

እትዬ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አምስት ቀን ሆነው። ሁለቱን ቀን በቁጣ ነው ያሳለፍኩት፤ የማልጽፍልዎትን ደብዳቤ በልቤ ስጽፍ። ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም። እንደዚያ የሚባለው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ሲሆን እነግርዎታለሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ፍርሃት ያዘኝ። እርስዎ ያን በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ፣ ቢደክሙ፣ ቢወድቁ፣ እኔም እንደገና አንድ ሰው ሰላም ሳልለው ቢሞትብኝ ብዬ ፈራሁ። ይህንን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ያደረግኩትን አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛውን አልችለውም። ስለዚህ የሰኔ 20ውን ትቼ ለሰኔ 13 ቀይሬዋለሁ። ይህ ወረቀት ይቅደመኝ ወይ እኔ ልቅደመው አላውቅም። ከቤትዎ አይውጡ፤ ከቤትዎ መጥተን እንወስድዎታለን። በገበያው አንዞርም፣ በቀጥታው መንገድ እንሄዳለን።

ለኃላፊው የምሰጠውን ቃል ልጄ ፊት አንብቤዋለሁ። ስምዎ አለበት። አባቴ «አዎ» ያለውም አለበት፤ ለምን እንዳለውም።

ልጄ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ገመዶቹን መንካት ይፈልጋል፤ ሐሩን፣ ሱፉን፣ ጆንያውን፣ ጥጡን። የቱ የት እንደታሰረ እኔ አላውቅም። ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለምና እጁን ይዘው እርስዎ ይምሩት።

ልጅዎ